ከአጎቴ ጋር ተቋጥሬ የወጣሁት ዳገት

ስሜ አስካለ ይባላል። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን እኔ እያወራሁ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ልጁ ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱን ነገር ሊያስቀርብኝ ይፈልጋል። እኔ ግን ሁሉንም ጻፍ ብዬዋለሁ። ስለዚህ የሚጎረብጥ ነገር ካገኛችሁ ሆን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ከከተሙ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

አባቴ ገብሬ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ሜዳ ላይ ርስት ነበረው። ገብስና ባቄላ የሚያበቅል፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ አገር ነው። እናቴ ወርቄ የበግ ፀጉር ፈታይ ነበረች። እሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ሠርቶ፣ እሷው ሰፍታ፣ አባቴ የሚደርበው ጥቁር በርኖስ ነበር፤ ዝናብ አያስገባም። አባቴ ዘመቻ ሄዶ በቆላ ንዳድ ሞተ። በርኖሱን ጓደኞቹ አመጡልን።

አርባው ሳይወጣ አጎቴ ደምሴ መጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። መሬቱ ከእሱ መሬት ጋር ይዋሰናል፤ ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል። ለአባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረውም። ሴት ልጅም ርስት ትወርሳለችና ደምሴ መሬቱን ለመውሰድ መጀመሪያ እኔን ከአባቴ ማላቀቅ ነበረበት። የአጥቢያችን ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ወንጌል ጨብጦ፣ "ይህች ልጅ ከወንድሜ አብራክ አልተከፈለችም፤ እናቷ ከሌላ ይዛት የመጣች ናት" ብሎ ማለ፤ ተፈረደለትም።

እናቴ ይግባኝ ልትል ዋስ ፈለገች። ማንም አልቆመላትም፤ ሁሉም ደምሴን ይፈራው ነበር። በሐምሌ ዝናብ ከቤታችን አስወጣን። በሬዎቹን ነዳ። መጨረሻ ላይ በርኖሱን ከእናቴ ትከሻ ላይ ገፎ፣ "ይሄ የወንድሜ ነው" አለ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሥር ተጠለልን። እናቴን ሳል ያዛት። የሰፈሩ ሰው በጨለማ ቆሎና እንጀራ ያቀብለናል፤ በቀን ግን አያውቀንም። እናቴ ጳጉሜን ሳታይ ሞተች። የሞተች ዕለት ጠዋት "በረደኝ አስኩ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ እላይዋ ላይ ተኝቼ ላሞቃት ሞከርኩ፤ እንደማይሞቃት ሳውቅ ተነሣሁ። እንባ ይመጣል ብዬ ብጠብቅ አልመጣም። የመጣው ደምሴን የማየት ፍላጎት ነው። ወድቆ፣ ተዋርዶ፣ እንደ እናቴ ሲንቀጠቀጥ።

ከቀብሩ በኋላ ጨው አራግፈው ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጀርባ ተከትዬ ወደ ቆላ፣ ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። እዚያ ዘሃራ የምትባል ባሏ የሞተባት ጥጥ ፈታይ አስጠጋችኝ። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም፤ የእሷን ሥጋ ስለማልበላ ለእኔ ለብቻው በትንሽ ድስት ባቄላ ትቀቅልልኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እሱንም አልበላም። እንዝርቱን ይዤ ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዬ። እናቴ ስትሞት የጠፋው እንባ ቆላ ስወርድ አገኘኝ።

ዘሃራ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ግን ድስቱ እንዳለ ሲመለስላት ከፊቴ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ ያ ሰውዬ አሁን ምን እያደረገ ይመስልሻል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ?"

"እኔ ልንገርሽ። እየበላ ነው። በአባትሽ በሬ አርሶ፣ በአባትሽ ቤት ተቀምጦ እየበላ ነው። አንቺ ደግሞ ሳትበዪ እዚህ ታለቅሻለሽ። ወላሂ፣ ለሱ ከዚህ የበለጠ ምን ውለታ ትውዪለት?"

ድስቱን ሳብ አድርጌ በላሁ። ባቄላው ቀዝቅዞ ነበር። ስበላ በደስታ አልነበረም፤ በእልህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዳድ ቢይዘኝም እየተንቀጠቀጥኩ እበላለሁ። ሌሎቹ ፈታዮች ሲስቁ እስቃለሁ። መጀመሪያ ሳቄ ከጉሮሮዬ አያልፍም ነበር፤ እየቆየ ግን የእውነት ሳቅ ሆነ። ጥጥ መፍተል ስችል መዝፈንም ቻልኩ። ማታ ስተኛ ለራሴ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ ደምሴ ሲያየኝ ከስቼ፣ ጎብጬ፣ ዓይኔ አብጦ አያየኝም። ሙሉ ሆኜ ነው የሚያየኝ። ዓመት ባልሞላ ጊዜ የራሴን ነጠላ በራሴ ፈትል አሠራሁ።

እና አንድ የገበያ ቀን መጣ።

ከዘሃራ ጋር ፈትላችንን ዘርግተን ተቀምጠናል። ገበያው በአህያ፣ በግመልና በበርበሬ አቧራ ታውኳል። ቀና ስል ጥቁር በርኖስ አየሁ። በዚያ ሙቀት በርኖስ የሚደርብ የደጋ ሰው፣ ያውም ልታይ ልታይ የሚል ብቻ ነው። የእናቴን ስፌት ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ አንገትጌው ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ ይጠመም ነበር።

ተነሣሁ። ዘሃራ "ወዴት ነው?" እያለችኝ ሰው እየገፋሁ ሄጄ ከበርኖሱ ሥር የወጣውን የኩታውን ጫፍ በሁለት እጄ ጨበጥኩና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ፦

"በንጉሥ አምላክ! ቁም!"

እናንተ ያን ዘመን ስለማታውቁት ልንገራችሁ። በንጉሥ አምላክ ተብሎ የተያዘ ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ይቆማል። ካልቆመ በንጉሡ ላይ እንዳመፀ ይቆጠራል። ደምሴ ዞሮ ሲያየኝ መጀመሪያ አላወቀኝም። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ልቀቂኝ! ማናት ይህች እብድ?"

"ታውቀኛለህ" አልኩት። ድሮ አንቱ ነበር የምለው። ያን ቀን አንተ አልኩት፤ አፌ ላይ ማር ማር አለኝ።

ሰው ከበበን። የገበያው ዳኛ መጣ። ክሴን በአጭሩ ተናገርኩ፤ የአባቴን ርስት በሐሰት መሐላ ወስዶብኛል፣ እናቴን በክረምት አውጥቶ ገድሎብኛል፣ እኔ ሳልጠየቅ ስለተፈረደ ይግባኝ ብዬ አንኮበር በይግባኝ ዳኞቹ፣ በወንበሮቹ ፊት እሟገተዋለሁ።

ዳኛው "ዋስ አለሽ?" አለኝ።

"አለቻት!" አለች ዘሃራ ከኋላዬ፤ ፈትሏን ጥላ መጥታ ኖሯል። "እኔ ዋሷ ነኝ። ሁሉ ሰው ያውቀኛል።"

"አንተስ?"

ደምሴ አብረውት ወደ ወረዱት የደጋ ሰዎች ዞር ዞር አለ። አንዱ አህያውን ማሰር ያዘ። ሌላው ከሰው መሐል ጠፋ። በአገሩ የሚፈሩት ሰዎች እዚህ ሊፈሩት ምክንያት አልነበራቸውም። አንድም ሰው ዋስ አልሆነውም።

"እንግዲያው ቋጥሯቸው" አለ ዳኛው።

በዚያ ዘመን ተከሳሽ ዋስ ካጣ የሱ ኩታና የከሳሹ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ፍርድ ፊት እስኪቆሙ ቋጠሮው አይፈታም። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። የኔ ነጠላ ከደምሴ ኩታ ጋር ሲቋጠር እጄን ሰደድኩና ቋጠሮውን ራሴ ደግሜ አጠበቅኩት። ዳኛው አንኮበር የሚያደርሰንን ጦረኛ ሰጠን። ሽብሩ ይባላል፤ እኔ አያ ሽብሩ እለው ነበር። ዘማች የነበረ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ነው።

አሊዩ አምባን ትተን ወንዙን ተሻገርንና ዳገቱን ጀመርነው። ያን ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ባዶ እጅም ቢሆን ልብ ያፈርሳል። እኛ ደግሞ ተቋጥረን ነው። እሱ ሲፈጥን እኔ እጎተታለሁ፤ እኔ ስቆም እሱ ይያዛል። ደምሴ ትንሽ ከወጣን በኋላ ድምፁን አለሳለሰ።

"ስሚ አስካለ። የሆነው ሆኗል። ነይ ቤት ግቢ። ባል ፈልጌ እድርሻለሁ። የሠርግሽን ወጪ እኔ እችላለሁ።"

"በየትኛው ቤት?" አልኩት።

"በኔ ቤት ነዋ።"

"ያ የአባቴ ቤት ነው።"

መዝፈን ጀመርኩ። ፈታዮቹ የሚዘፍኑትን፣ እንዝርት የሚያሾሩበትን ዘፈን። ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ ድምፄ ከፍ እያለ ዘፈንኩ።

"ዝም በይ!"

"ለምን? ደስ ብሎኛል እኮ።"

"ምንሽ ነው ደስ ያለው? እናት የለሽ፣ አባት የለሽ፣ በእስላም ቤት ተጠግተሽ..."

"አንተን አገኘሁህ" አልኩት። "ከዚህ ወዲያ ምን ደስታ አለ?"

ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ያን የመሰለ የጣመኝ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሽብሩ ዞረ። እኔ እየሰማሁ ያለምንም ሐፍረት "አያ ሽብሩ፣ ቤቴ የምትወልድ ጊደር አለች" አለው። "መንገዱ ለእግርህ ከባድ ነው። ቀስ እያልክ ብትመጣ ማን ይቆጣሃል?"

ሽብሩ እሺም እምቢም አላለም። ግን እየቆየ ከኋላችን ራቅ፣ ራቅ ማለት ጀመረ። እግሩ አሞት ይሁን ጊደሯን አስቦ አላወቅኩም። ዘፈኔን አላቋረጥኩም፤ ዞር ዞር እያልኩ ግን አየው ነበር።

ከቀትር በኋላ ጉም ከላይ ወረደብን። ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መታን፤ ለጥቂት ጊዜ መትቶን አለፈ። መንገዱ ሳሙና ሆነ። በግራ በኩል ቋጥኝ፣ በቀኝ በኩል ገደል ያለበት፣ አንድ በቅሎ ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ቦታ ደረስን። ገደሉ ጥልቀቱ አይታይም፤ ከሥር ጉም ብቻ ነው። ሽብሩን ዞሬ ባይ የለም።

ደምሴ ቆመ። ከወገቡ ካራውን መዘዘ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልፈታሽ ነው" አለ። ድምፁ ተራ ነበር፤ የከብት ገመድ እንደሚቆርጥ ሰው። "አንቺ እዚህ ጋ አዳልጦሽ ወደቅሽ። እኔ ልይዝሽ ሞክሬ አልቻልኩም።"

ካራውን ቋጠሮው ላይ አድርጎ መገዝገዝ ጀመረ። እኔ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ነጠላዬን በእጄ አንጓ ላይ ጠመጠምኩና እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ኩታው በድንገት ሲጎትተው እግሩ ከሥሩ ከዳው። ካራው ተወርውሮ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ደምሴ በደረቱ ጠርዙ ላይ ወደቀ፤ ተንሸራተተ፤ ከወገብ በታች ገደሉ ዋጠው፤ ከዚያም እስከ ብብቱ። አንድ እጁ የቁጥቋጦ ሥር ጨበጠ። ሌላው የተያዘው በኩታው ነው፤ ኩታው በቋጠሮው፣ ቋጠሮው በእኔ እጅ። እኔ እግሮቼን አንድ ድንጋይ ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ።

"የወንድሜ ልጅ!" ብሎ ጮኸ። "የወንድሜ ልጅ፣ ያዢኝ! አትልቀቂኝ!"

ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰልኝ።

እኔ አልጠየቅኩትም። አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ወንጌል ጨብጦ የካደው ነገር፣ እናቴን የገደለበት እውነት፣ እንዲህ በቀላሉ ከአፉ ወጣ።

እጄ ደም አጥቶ ነጭ ሆኗል። መልቀቅ ቀላል ነበር፤ እንዲያውም የሚከብደው መያዙ ነው። እናቴ "በረደኝ" ስትል ሰማኋት። ልቀቂው ያለችኝ መሰለኝ። ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ጨርቁ በእጄ ውስጥ እንዲንሸራተት ተውኩት። ደምሴ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያዳነው ርኅራኄዬ እንዳይመስላችሁ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ይህ ሰው አሁን ቢወድቅ ነገ በአገሩ ይለቀስለታል። ተዝካሩ ይበላለታል። ርስቱ ለልጆቹ ይሆናል። እኔ ዲቃላ እንደተባልኩ፣ እናቴም አመንዝራ እንደተባለች እንቀራለን። ገደሉ ሊያስመልጥብኝ ነው! የእኔን ሰው ገደል አይወስድብኝም አልኩ።

"ማነኝ?" አልኩት።

"አስካለ!"

"የማን ልጅ?"

"የወንድሜ! የወንድሜ የገብሬ!"

"አልሰማሁም። ጮኸህ በለው።"

"የገብሬ ልጅ ነሽ! ስለ ማርያም፣ ሳቢኝ!"

"ከብደሃል። በርኖሱን ጣለው።"

ውኃ የጠጣው በርኖስ ወደታች ይጎትተው ነበር። ትከሻውን አሸሸ፤ ማሰሪያው ሲበጠስ በርኖሱ ከላዩ ላይ ወርዶ እንደ ትልቅ ጥቁር ወፍ ጉሙ ውስጥ ሰመጠ። ከእናቴ እጅ ሥራ በዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። አንገትጌው ለመጨረሻ ጊዜ ሲታጠፍ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ግን አልለቀቅኩም።

ከኋላዬ የሚያነክስ ኮቴ ሰማሁ። ሽብሩ ጦሩን ጥሎ በሆዱ ተኛና የደምሴን ክንድ ያዘ። ሁለታችን ጎተትን። ደምሴ መንገዱ ላይ ሲወጣ ፊቱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ተንቀጠቀጠ። እናቴ እንደተንቀጠቀጠችው። ቆሜ በደንብ አየሁት፤ አልቸኮልኩም።

ሽብሩ ቋጠሮውን አየ። ግማሹ ተቆርጧል። የተረፈውን ደግሞ ቋጠረውና "ተነሡ፣ ይመሻል" አለ።

አንኮበር ደርሰን በአንድ ባላባት አጥር ግቢ ተቋጥረን አደርን። ጠዋት ወንበሮቹ ፊት ቀረብን። ሦስት ዳኞች ናቸው፤ መሐል የተቀመጡት ጺማቸው የሸበተ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። ክሴን አቆምኩ። አጎቴ በመሐላው ጸና። እኔም በገደሉ አፋፍ ያለውን ተናገርኩ።

ደምሴ ደርቆ አድሯል፤ ኩራቱም ተመልሶለታል። ሳቅ አለ።

"ጌቶቼ፣ ገደል ላይ ተንጠልጥዬ፣ ነፍሴ በእጇ ሆኖ፣ በል ያለችኝን ሁሉ አልኩ። የጳጳስ ልጅ ነኝ ብትለኝም፣ ነሽ ነበር የምላት!"

ችሎቱ ሳቀ። አንደኛው ዳኛም ፈገግ አለ። ሙግቴ የወደቀ መሰለኝ። ግን ደምሴ ሲስቅ አየሁት፤ እሱ እየሳቀ እኔ አልወድቅም አልኩ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም አስበልጬ።

"ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ጠይቁልኝ" አልኩ። "መጀመሪያ ሲወድቅ፣ እኔ ምንም ሳልል፣ ምን ብሎ ነው የጠራኝ? ለዚያ ጩኸት ማን አዘዘው?"

"ምንም አልጮህኩም!" አለ ደምሴ።

መሐል የተቀመጡት ዳኛ ዓይናቸውን ገለጡ። "ሽብሩ፣ አንተ የት ነበርክ?"

ሽብሩ ጦሩን ተደግፎ ቆሟል። ቀና አላለም። ደምሴ ትኩር ብሎ አየው፤ ያቺ ጊደር በሁለቱ መሐል ቆማ የታየችኝ መሰለኝ።

"ወንጌል አምጡለት" አሉ ዳኛው።

ወንጌሉ ሲመጣ ሽብሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ጌቶቼ፣ ይህ ሰው ጊደር እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር። እምቢ አላልኩም። ባትጠይቁኝ ዝም ብዬ ቤቴ እሄድ ነበር። ማል ካላችሁኝ ግን የሰማሁትን ነው የምናገር። መንገዱ ከሚታጠፍበት በስተኋላ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት 'የወንድሜ ልጅ፣ ያዢኝ' የሚል ነው። ሁለት ጊዜ። የልጅቷን ድምፅ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቋጠሮውንም በካራ ተቆርጦ አግኝቼዋለሁ።" እጁን ወንጌሉ ላይ አሳረፈ። "ይኸው።"

ደምሴ አቀረቀረ።

ርስቱና በሬዎቹ ተፈረዱልኝ። በሐሰት ስለማለና ነፍስ ሊያጠፋ ስለቃጣ ይገረፍ ተባለ። መሐል የተቀመጡት ዳኛ ወደ እኔ ዞሩና "ሌላ የምትይው አለሽ?" አሉኝ።

"አለኝ ጌታዬ። የጅራፍ ቁስል ይድናል። እኔ የምፈልገው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በር፣ እናቴ በሞተችበት ደጀ ሰላም ሥር ቆሞ፣ በሐሰት መማሉን በአፉ እንዲናገር ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ። የእናቴንም ስም እየጠራ።"

"ይሁን" አሉ።

እሑድ ቆመ። ጀርባው በጅራፍ ሰንበር፣ ፊቱ በሐፍረት ቀልቷል። በቀን የማያውቁን ሰዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። "ወርቄ ንጹሕ ነበረች፤ አስካለ የወንድሜ ልጅ ናት፤ እኔ ዋሽቻለሁ" አለ። ድምፁ ሲያንስ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ "አልተሰማም" እለዋለሁ። ደጋግሞ አለው። ሲጨርስ ወደ እናቴ መቃብር ሄጄ ተቀመጥኩና ዘሃራ ለመንገድ ያስቋጠረችኝን ቆሎ በላሁ።

እናንተ ልጆች፣ በተለይ ገና በጠዋቱ ዓለም የከፋችባችሁ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለዚህ ነው። መከራ ሲመጣ ሰው "ታገሡ" ይላችኋል። "ይቅር በሉ" ይላችኋል። ቄሱም ይላሉ፤ ሥራቸው ነው፤ እኔ ከሳቸው ጋር ሙግት የለኝም። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ይቅር ስለማለት የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል፤ ያን እግዜር ራሱ ያውቃል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ብሉ። ተኙ። የሚያስቅ ነገር ሲኖር ሳቁ። የበደላችሁ ሰው እናንተን ባዶ ማድረግ ነው የፈለገው፤ ባዶ ሆናችሁ ከጠበቃችሁት ሥራውን ጨረሳችሁለት። እኔን ያቆመኝ ጽድቅ አልነበረም፤ እልህ ነው። ደስታዬን እንደ ጦር ስዬው ነበር። ቂም አቃጥሎ የሚገድለው ሰው አለ፤ አይቻለሁ። እኔ ግን ያን እሳት በላዩ ወድቄ አልተቃጠልኩበትም፤ ሞቅኩት።

የቀረኝን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በየሜዳው እየወደቀ አለቀ፤ የእኔም በሬዎች፣ የደምሴም። የሚያርስ ጠፋ፤ ጎተራ ባዶ ሆነ። እኔ ከዘሃራ ጋር የጀመርኩትን ፈትል አልተውኩም ነበርና ከቆላ ትንሽ ማሽላ ይላክልኝ ነበር። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ደምሴ ከሁለት ልጆቹ ጋር አጥሩ ጥግ ቆሟል። አልጠራኝም። የልጆቹ ሆድ ተነፍቶ እግራቸው እንጨት አክሏል።

ልጆቹን አስገብቼ ገንፎ ሰጠኋቸው። እሱ ደጅ ቀረ።

"አንተም ግባ" አልኩት።

"ለነሱ ይበቃል። እኔ..."

"ትበላለህ። እኔ እያየሁ ትበላለህ።"

ገባ። በአባቴ ቤት፣ በእኔ እጅ የቀረበለትን አንገቱን ደፍቶ በላ። በየጊዜው መጣ፤ በየጊዜው ፊቱ ተቀምጬ እየፈተልኩ አየሁት። የሰፈሩ ሰው ደግ ናት ብሎ አወራልኝ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ ጉርሻ እንዴት እንደሚወርድለት አይቻለሁ።

ዝናቡ ተመልሶ ገብሱ ሲያሸት፣ አንድ ቀን በልቶ ከጨረሰ በኋላ በሩ ላይ ቆመ።

"አስካለ፣ ምን ላድርግልሽ?" አለኝ። "ሙት ብትይኝም እሞታለሁ።"

እንዝርቴን አላቆምኩም።

"አትሙት" አልኩት። "ኑር። እኔ ገና አገባለሁ፣ እወልዳለሁ፣ ይህን ቤት አሰፋዋለሁ። ገና ብዙ የምታየው አለ።"